ኑርሀያትና የእንዶዱ ውሃ

ሐይቅ ከተማ ኬሚስትሪ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስሜ ዝናው ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ዞር ስል «ብጥብጥ» ይሉኛል፤ ያገኘሁትን ሁሉ በውሃ ስለምበጠብጥ። ይበሉኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ላብራቶሪያችን ውስጥ የቀረው ባዶ መደርደሪያ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ጨው፣ ስኳር፣ አመድ፣ ዘይት ከቤቴ እየያዝኩ እሄዳለሁ። ሚስቴ «ጓዳዬን ትምህርት ቤት ከፈትክበት» እያለች ትነጫነጫለች። እውነቷን ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ እትዬ ኑርሀያት ነው። እኔ ሳልገባበት የሚነገር ታሪክ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ!

እትዬ ኑርሀያትን ሐይቅ ውስጥ ነጭ ልብስ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ልብስ አጣቢ ነበሩ። ልብስ አጣቢ ስላችሁ ታዲያ በዱቄት ሳሙና አረፋ አርገው እንደሚያሰጡት እንዳይመስላችሁ። እሳቸው የሚያጥቡት በእንዶድ ብቻ ነው። ከአምባሰል ተድረው ሲመጡ ይዘውት የመጡት የእንዶድ ችግኝ አጥራቸው ላይ ተንዠርግጎ ጎረቤቱን ሁሉ ያጥር ነበር። ፍሬውን ሳይበስል፣ አረንጓዴ እያለ ይለቅሙታል፤ ያደርቁታል፤ በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ከዚያ ሳፋ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉት አረፋው ከሳፋው አፍ ገንፍሎ ይወርዳል።

ሐይቁ ዳር የራሳቸው የማጠቢያ ድንጋይ ነበራቸው። የእስጢፋኖስ ገዳም ካህናት ኩታና የሸህ ዘይኑልአቢዲን ጀለቢያ እዚያች ድንጋይ ላይ አብረው ይታሻሉ። ማንበብ ስለማይችሉ የልብሱን ጠርዝ በክር ይቋጥሩታል፤ ቀይ ክር ለገዳሙ፣ አረንጓዴ ለመስጊዱ ሰዎች፣ ጥቁር ደግሞ እንደኔ ላለው መንደርተኛ። አንድ ቀን «ለምን እኛን ጥቁር አደረጉን?» ብላቸው፣ «ቆሻሻችሁ አይለቅማ!» ብለው ሳቁብኝ። ሥራቸውን ይወዱት ነበር። አንድ ነጠላ አጥበው ሲጨርሱ ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያዩታል፤ የዝንብ ነጥብ የምታህል ነገር ካገኙ እንደገና ይዘፈዝፉታል። እያጠቡ በለሆሳስ የሚያንጎራጉሩት ሁልጊዜ አምባሰል ነው።

ባለቤታቸው ጁማ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ አልወለዱም። ሰው አዝኖ «ጧሪ እንኳ የለዎትም» ሲላቸው አይወዱም፤ ወደ ውሃው በአገጫቸው እያመለከቱ «ይኸው አይደል? ጁማን አበላው፣ እኔን አበላኝ፤ ከዚህ የተሻለ ልጅ ማን ወለደ?» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ እኒህ ሴትዮ ቤት ሄጄ እንዶድ ለመንኳቸው።

«መምህርዬ፣ ለምንህ ነው?» አሉኝ።

«ለተማሪዎቼ ላሳይበት ነው። ነገር በውሃ እንዴት እንደሚሟሟ እያስተማርኳቸው ነው።»

«አሃ! የኔ እንዶድ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው በለኛ! ውሰድ፣ ውሰድ። እኔ ሳልማር እሱ ይማርልኝ።» ሁለት እፍኝ የተወቀጠ እንዶድ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ዓሣ እንደምገድልበት አልነገርኳቸውም።

በማግሥቱ ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ ስኳር ውሃ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩና «የት ሄደ?» አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው «ጠፋ!» ብለው ጮኹ። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያው «ጠፋ» ነው። «አልጠፋም!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «የሟሟ ነገር አይጠፋም! ዓይን አያየውም እንጂ አለ። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት!» ጻፉት።

ቀጥዬ ሁለት የተቆረጠ ሃይላንድ አወጣሁ። አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ አንዱ የእንዶድ ብጥብጥ። ከአስጋሪው ከባድሩ የለመንኳቸውን ጣት የማያህሉ ሁለት የቆሮሶ ዓሣዎች በየሃይላንዱ አንድ አንድ ጨመርኩ። የንጹሑ ውሃ ዓሣ ትዋኛለች። የእንዶዱ ትንሽ ተወራጨች፣ አፏን ከፈት ከፈት አደረገች፣ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ በጎኗ ተንጋለለች። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። የባድሩ ልጅ ሒክማ ከፊት ወንበር ተነሥታ «መምህር፣ ሞተች እኮ!» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ደስ ብሎኛል። ትምህርት እንዲህ ነው፣ ልጅ የማይረሳው ነገር ማሳየት ነው ብዬ ተኩራርቻለሁ። ደወሉ ሲደወል «የሚመጣው ሳምንት ትምህርት ስንት በስንት የሚለው ነው፤ ኮንሰንትሬሽን!» እያልኩ ወጣሁ። የአንድ ነገር ጉልበቱ በመጠኑ መሆኑን፣ በአንድ ብርጭቆ የሚገድል ነገር በአንድ ሐይቅ ምንም እንደማያደርግ፣ እሱን ለሳምንት አቆየሁት። ምነው ያን ቀን ደወሉ በተሰበረ!

በሳምንቱ ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ተብሎ ደሴ ተጠራሁ። አራት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጠው ስላይድ አሳዩን። በነዚያ ቀናት ሐይቅ ላይ ብርቱ ብርድ ወረደ፤ ከአምባሰል በኩል የሚነሣው ነፋስ ሦስት ቀን ሳያባራ ውሃውን ሲንጠው ከረመ። ሐሙስ ጠዋት ባድሩ ስልክ ደወለልኝ።

«መምህር፣ ዓሣው አለቀ። ዳር እስከ ዳር ሆዱን ሰጥቶ ተንሳፍፏል።»

የዚያኑ ዕለት ተመልሼ ዳሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሽታው አይነገርም። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ለእኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዓሣም እንደኛው አየር ይፈልጋል፤ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ነው። አየርም እንደ ጨው ይሟሟል። የታችኛው፣ የጥልቁ ውሃ ግን ብዙ ወር ከነፋስ ሳይገናኝ ተኝቶ ይከርማል፤ ያለችውም አየር ታልቃለች። ብርድ ሲመጣ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲያማስለው የታፈነው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ አየር አጥቶ ይሞታል። የማንም እጅ የለበትም። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ይኸው ነው የኔ ነገር፣ ሁሉንም ለነገ።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋት ሲደርስ አገሬው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል፣ አንድ ላይ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በተራ የሚያወጣበት ሸንጎ ነው። ተራ አይዘለልም፤ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። ሰብሳቢያችን ሸህ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ። ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን።

ባድሩ ተራው ሲደርስ «እኔ ያየሁት የለኝም፤ ልጄ ያየችውን ትናገር» ብሎ ሒክማን አስነሣት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። «መምህራችን እንዶድ በጠበጠ። ዓሣዋን ጨመራት። ሞተች። እንዶዱን ያመጣው ከእትዬ ኑርሀያት ነው።»

የሰው ሁሉ ዓይን መጀመሪያ እኔ ላይ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ መሐል ወደተቀመጡት እትዬ ኑርሀያት ዞረ። እኔ ተራዬ ገና አምስት ሰው ይቀረዋል። ዘልዬ ብነሣ፣ «ቆዩ፣ እንዲህ አይደለም!» ብል ምን ይሉኝ ነበር? ሥርዓት ጣሰ ይሉኝ ነበር፤ ይበሉኛ! አልተነሣሁም። ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። «ዓሣውን የጨረሰው ራሱ መምህሩ ነው» እንዳይሉኝ ፈራሁ። አንዷ አረፋ ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ አለች። አንዱ የእንዶዱ ሽታ መረቡ ላይ እንደቀረ ማለ። ተቀምጬ ሰማሁ። አምስተኛዋ እትዬ ኑርሀያት ነበሩ።

ተነሡ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝግ ያለ ነው።

«ልጅ አይዋሽም» አሉ። «ለመምህሩ የሰጠሁት ከዚያው ከምዘፈዝፈው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሳፋዬን ውሃ የደፋሁት እዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ወላሂ አላወቅሁም። የሚገድል መሆኑን አላወቅሁም። እኔ ነኝ።» ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አርገው ተቀመጡ።

ከዚያ ነበር የኔ ተራ። እንደ እብድ ተነሥቼ አንድ ብርጭቆ፣ ጨውና አንድ ባልዲ ውሃ አምጡልኝ አልኩ። አመጡልኝ። ብርጭቆው ውስጥ ጨው በጥብጬ ለሸህ ዘይኑልአቢዲን ሰጠኋቸው፤ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ከብርጭቆው አንዲት ማንኪያ ባልዲው ውስጥ ጨምሬ አማስዬ ደግሞ አስቀመስኳቸው።

«ይኸ ውሃ ነው» አሉ።

«ጨውስ?»

«ጠፋ።»

ያቺን ቃል! ያቺን ቃል ስሰማ እንደ ክፍሌ ጮህኩ። «አልጠፋም! የሟሟ ነገር አይጠፋም፤ አለ! ግን በብዙ ውሃ ስለተበተነ ጉልበት የለውም። እንዶዱም እንዲሁ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ይገድላል፤ እዚህ ሐይቅ ላይ ግን የአንድ ሳፋ እንዶድ ምን ይሠራል? ይኸን የሚያህል ውሃ ሰማንያ ሜትር ወርዶ!» ስለ ነፋሱም፣ ስለታፈነውም ውሃ አስረዳሁ። ለስላሳ አስመጥቼ ቆርኪውን ከፍቼ አየር በውሃ ውስጥ ሟሙቶ እንደሚኖር ከነአረፋው አሳየኋቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጥሩ አስተምሬ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ሸህ ዘይኑልአቢዲን ፈረዱ። «ኑርሀያት ላይ ጥፋት የለም። ነፋሱንም ብርዱንም ያመጣው አላህ ነው። ዓሣውንም እሱ ይመልሰዋል።» ዱዓ ተደረገ፤ «አሚን» አልን። ባድሩ እትዬ ኑርሀያት እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«አውፍ ይበሉኝ እማ።»

«አውፍ ብያለሁ ልጄ። አንተ ምን አጠፋህ?»

ሰው እየተበተነ እኔ እጄን እያራገፍኩ ቆሜያለሁ። ሞቅ ብሎኛል። እትዬ ኑርሀያት ቀስ ብለው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«መምህርዬ፣ አልጠፋም አልክ?»

«ጨው? አዎ፣ አይጠፋም።»

«እንዶዱም?»

ያኔ ነው የገባኝ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የደፋሁት ሁሉ» አሉ ወደ ውሃው እያዩ፣ «እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው?»

«የለም! የለም እትዬ፣ እንዶድ እንደ ጨው አይደለም። ተክል ነው፤ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ይበሰብሳል፣ ይፈራርሳል፣ መግደሉም ይቀራል። የጨውን ያነሣሁት ለምሳሌ ነው።» ይኸ ሁሉ እውነት ነው። ግን የተንተባተበ ሰው የሚናገረው እውነት ማን ጆሮ ይገባል?

«እሺ» አሉኝ። ያቺን እሺ አውቃታለሁ። ያልገባው ተማሪ እኔን ላለማስቀየም የሚላት እሺ ናት።

ከዚያን ቀን ወዲያ ድንጋያቸው ላይ አልቆሙም። ለገና ካህናቱ ኩታቸውን ቢልኩ «እጄን አሞኛል» ብለው መለሱት። ሸህ ዘይኑልአቢዲን ራሳቸው ጀለቢያቸውን በክንዳቸው ይዘው ሄዱ፤ ለእሳቸውም እንቢ። ሳፋውን አጥር ሥር ደፉት። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ ክር መስኮቱ ላይ አቧራ ጠጣ። አንድ ቅዳሜ ብሄድ አጥሩ ተራቁቷል፤ ያንን ሁሉ እንዶድ በገዛ እጃቸው ነቅለው አቃጥለውታል። አመዱን ሳይቀር ቀብረውታል። ጎረቤታቸው መቅዲ ምሳም ራትም ታቀብላቸዋለች፤ እሷም ባትኖር ምን ይበሉ እንደነበር እንጃ።

እኔም እልህ ያዘኝ። በብርጭቆ ያጠፋሁትን በብርጭቆ እመልሳለሁ አልኩ። እንዶድ በጥብጬ በረንዳዬ ላይ ስድስት ቀን አስቀመጥኩት። ሐይቁ ዳር ከተረፉት ጥቃቅን ቆሮሶዎች አንዷን ይዤ ጨመርኩበት። ዋለች። አደረች። ሁለተኛውንም ቀን ስትዋኝ አገኘኋት። እንዴት እንደዘለልኩ! ያንኑ ሃይላንድ ከነዓሣዋ ታቅፌ በባጃጅ እትዬ ኑርሀያት ቤት ሄድኩ፤ ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ልቤ እየዘለለ።

መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩላቸው። «አዩዋት? ይኸ እንዶድ ነው፤ ከርሞ ኃይሉ ያለቀ እንዶድ። ሐይቁም ውስጥ የሆነው ይኸው ነው።»

ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩዋት። ጥርሳቸው ብልጭ አለ። ከስንት ወር በኋላ!

«ትዋኛለች!»

«ትዋኛለች እንጂ!»

«ፊተኛዋስ?»

«የትኛዋ?»

«ያቺ፣ ልጆቹ ፊት የሞተችው።»

ምን ልበል? ኬሚስትሪ ለዚያ መልስ የለውም። እሳቸው ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አምኜሃለሁ መምህርዬ፤ አትጨነቅ። አሁን ይችን መልሳት፣ ውሃው ይሞቅባታል። በኔ የተነሣ ሌላ ዓሣ አታስጨንቅ።»

ወስጄ ለቀቅኳት። አምነውኛል ብዬ ተጽናናሁ። እንዲያውም ሚስቴን «ለበዓል ነጠላሽን አዘጋጂ፣ እትዬ ኑርሀያት ሥራ ሊጀምሩ ነው» አልኳት። ሞኝ!

በክረምቱ መግቢያ፣ ሰኔ ላይ፣ ከሳስተው ከሳስተው ተኙ። ጨጓራ ነው ይላሉ፤ ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ስንላቸው «ነገ» ይላሉ። ነገን ከኔ የተማሩት ይመስለኛል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መቅዲ ቤቴ መጣች። እንባዋ ከአፏ ቀድሞ ነገረኝ።

ስደርስ ባድሩ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሴቶቹ የእትዬ ኑርሀያትን አስከሬን ሊያጥቡ ውሃ እያሞቁ ነው። ቤታቸው ያለው ዳገቱ ላይ ነው፤ ከደጃቸው የፈሰሰ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ይገባል። መቅዲ ሁለታችንን ወደ ጓሮ ወሰደችንና ዶማ አቀበለችን።

«ትናንት ነው የነገሩኝ» አለች፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «‹ገላዬን ያጠባችሁበት ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዚያ ድፉልኝ። እጄ ውስጥ እንዶድ አለ› አሉኝ። ‹ምን እንዶድ አለ? ካጠቡ ሰባት ወር አለፈዎት እኮ› ብላቸው፣ ‹አለ። የሟሟ ነገር አይጠፋም። መምህሩ ነው ያለው› አሉኝ።»

ቃሌን ነው የያዙት። ደብተር ያልነበራቸው ሴትዮ፣ ክፍሌ ውስጥ አንድ ቀን ያልተቀመጡ ሴትዮ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ይልቅ ቃሌን ይዘው ሄዱ። ስንት ጊዜ ጠረጴዛ መትቼበት! ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ባድሩ ዶማውን ተቀበለኝና መቆፈር ጀመረ። ቆይቼ እኔም ያዝኩ።

እየተፈራረቅን ቆፈርን። የዝናቡ መሬት ለስላሳ ስለነበረ ቶሎ ጠለቀልን። ጉድጓዱ እስከ ጉልበታችን ደረሰ፣ ከዚያ እስከ ወገባችን። ከውስጥ የሴቶቹ ድምፅና ውሃው ሲፈስ ይሰማል። ባድሩ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ።

«መምህር፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ እኮ ነው» አለኝ። «ደግሞስ ምንም አያደርግም ብለህ አንተው ነግረኸን የለም?»

«ነግሬያችኋለሁ።»

«ታዲያ አሁን አይበቃም?»

ወደ ሐይቁ አየሁ። ጥርት ብሏል። አስጋሪዎቹ ወጥተዋል፤ ዓሣው እየተመለሰ ነው።

«ትንሽ እንጨምር» አልኩት።